ሳይተረጎም የቀረው

ወጥ ቤት ውስጥ ስለ እኔ እያወሩ ነው። ስሜን አልጠሩም፣ መጥራትም አያስፈልጋቸውም፣ በዚህ ቤት «እሷ» ከተባለ ከእኔ ሌላ ማን አለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፣ እኔ ጆሮዬን ጥያለሁ፣ የሚደርሰኝ ግን ቁርጥራጩ ነው፤ «ቀስ ብለህ ንገራት» ትላለች አክስቱ፣ «ትረፍና ከዚያ» ይላል እሱ፣ ከዚያ ብርጭቆ ሲቀመጥ፣ ከዚያ የእሷ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ እየተጎተተ እስከ በሬ መጥቶ ቀጥ ሲል። ትንፋሼን እንደተኛ ሰው አረዝመዋለሁ። ነጠላ ጫማው ተመልሶ ይሄዳል። ቀን ነው። መጋረጃው ወፍራም ቢሆንም በጎኑ ሾልካ የገባች ፀሐይ እግሬ ላይ ወጥታለች። የአንሶላ ማጠቢያው ሥራ ሌሊት ስለሆነ የእኔ እንቅልፍ በቀን ነው፣ ማለት መሆን ነበረበት፣ ዛሬ ግን ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። ትናንት መርፌ የተወጋሁበት ቦታ ያቃጥለኛል፣ በግራ ስተኛ ያመኛል፣ በቀኝ ስተኛ ሆዴ ይከብደኛል፣ በጀርባ አትተኚ ተብያለሁ፣ ታዲያ በምን ልተኛ፣ ቆሜ?

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። እሱ ባሌ ነው፣ ከባድ መኪና ይነዳል፣ አንዴ ከወጣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል፣ ዛሬ ጠዋት ግን ሳይጠበቅ መጣ፤ ጠርታው ነው። እሷ አክስቱ ናት፣ እናቱ በጨቅላነቱ ስለሞተችበት እሷ ናት ያሳደገችው፣ ወደዚህ አገርም ያመጣችው እሷ። እኔም አክስቴ እላታለሁ፣ ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፣ በልቤ ግን አንቱታውን ካነሳሁባት ሰነበትኩ። አገር ቤት መጥቶ በአንድ ክረምት ተያይተን ተጋባን፣ እሱ ተመለሰ፣ እኔ ወረቀት ስጠብቅ ቆየሁ፣ ወረቀቱ መጣ፣ እኔም መጣሁ፣ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ነበረች፣ እሱ መንገድ ላይ ነበር። አቅፋ ሳመችኝ፣ «ቆዳና አጥንት ብቻ ሆነሻል፣ ምን አድርገውሽ ነው» አለችኝ፣ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ። ይሄን መርሳት አልፈልግም። ሰው ደግ ሆኖም እንዲህ ማድረግ ይችላል ወይ ብዬ ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚጠፋው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ እተኛ ነበር።

የማርገዜ ነገር ሲታወቅ ክሊኒክ የወሰደችኝም እሷ ናት። እዚያ ያውቋታል። የእኛ አገር ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ ቀበሌ በሚመስለው ቢሮ ሲሰለፍ በእሷ አፍ ነው የሚናገረው፣ የአስተርጓሚ ባጅ አላት፣ በአንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። መግቢያው ላይ «ዘመድ መሆኔን አትንገሪያቸው፣ ካወቁ እኔን ይከለክሉና ስልክ ላይ የሚያወራ ወንድ ያመጡብሻል፣ ይሄን ሁሉ የሴት ገመና በወንድ አፍ!» አለችኝ። እውነቷን ነው አልኩ። አንድ የማያውቀኝ ሰውዬ ስለ ሆዴ ሲያወራ አሰብኩና ተሳቀቅኩ፣ እሷ በመኖሯ ደስ አለኝ። የስልክ ቁጥር ሲጠይቁኝም የሰጠቻቸው የራሷን ነው፣ የእኔ ባትሪው ቶሎ ይሞታል ብላ። እሱም እውነት ነው። ሁሉም ነገር ለየብቻው ሲታይ እውነት ነበር።

ክሊኒኩ ወጣት ነፍሰ ጡሮችን ለየብቻ አያይም፣ በቡድን ነው። ሰፊ ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ይደረድራሉ፣ ሁላችንም በተቀራረበ ጊዜ የምንወልድ፣ ከእኔ የሚያንሱም አሉ፣ አንዷ እንዲያውም በቦርሳዋ ላይ አሻንጉሊት ድብ አንጠልጥላለች። መጀመሪያ እርስ በርሳችን ደም ግፊት እንለካካለን፣ ራሳችን ሚዛን ላይ እንወጣለን፣ ተራችን ሲደርስ ጥግ ላይ ካለው መጋረጃ ጀርባ አዋላጇ ሆዳችንን ታዳምጣለች፣ ከዚያ ክብ ሠርተን እንቀመጥና ወሬ ነው። ምን ያስፈራሻል፣ ምን አለምሽ፣ ምን ያምርሻል። እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚጠየቅበት ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር። አዋላጇ ረጅም ናት፣ ፀጉሯን ተቆርጣዋለች፣ ስትስቅ ጉልበቷን ትመታለች። አንድ ቀን ከፕላስቲክ የተሠራ የወንድ ነገር ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው፣ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ኮንዶም አውጥታ እያለበሰች፣ እያወለቀች፣ እየጠቆመች፣ ስለ እርግዝና ጊዜ ግንኙነት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ እምቢ ማለት ይመስለኛል ረጅም ነገር ተናገረች። አክስቴ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ተጠንቀቁ ነው የምትለው» አለችኝ።

«ያ ሁሉ?»

«ያ ሁሉ።»

እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ሳቅኩ! ክቡ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስስቅ አይታ እሷም ሳቀች፤ ፊቷ ሙሉ ጠቃጠቆ ነው፣ ስሟን መጥራት ስለማልችል በልቤ ጠቃጠቆ ነው የምላት። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም፣ ማሰር ስላቃታት አውጥታ ጥላዋለች።

ከዚያ የደም ውጤት መጣ። ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ፣ አልጋው ላይ የተዘረጋው ወረቀት ከሥሬ ይንኮሻኮሻል፣ አዋላጇ ዛሬ አልሳቀችም፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች ቀስ ብላ ትናገራለች። ቋንቋውን አላውቅም፣ ግን ሰው ከባድ ነገር ሲናገር ቋንቋ አያስፈልግም። አክስቴ ጫማዋን እያየች ታዳምጣለች። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ደምሽ ትንሽ ደከም ብሏል ነው የምትለው። መርፌ ይሰጡሻል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ፣ ብዪ፣ እረፊ።»

አንድ ቃል ግን ሰምቼ ነበር። በማጠቢያው ፋብሪካ የእኔ መተኮሻ ሦስተኛው ነው፣ አለቃው ሌሊቱን ሙሉ በማሽኖቹ ቁጥር ነው የሚጠራን፣ ሦስት የሚለውን በዚህ አገር ቋንቋ በእንቅልፌም እሰማዋለሁ። አዋላጇ ደጋግማ ብላዋለች። «ሦስት አለች መሰለኝ» አልኳት። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችኝ ዓይነት። «ስለ ሦስት ወር ነው ያወራችው፣ ቀሪው ጊዜሽን» አለች። እኔም ሰባት ሲደመር ሦስት አሥር ነው ብዬ አልተከራከርኩም። ሞኝ አይደለሁም፣ ግን በሰው አፍ የምትናገሪ ከሆነ አፉን አትነክሺውም።

መርፌ ክፍሉ በር ላይ ጠቃጠቆም ተቀምጣለች። እሷ ገብታ አንካሳ ሆና ወጣች፣ እኔ ገብቼ አንካሳ ሆኜ ወጣሁ፣ መድኃኒቱ ወፍራም ነው፣ ቂጥ ውስጥ ጠጠር የሚሞሉብሽ ነው የሚመስለው፣ ሁለታችንም ጥጥ ይዘን ግድግዳውን ተደግፈን ተያየንና ሳቃችን መጣ። ያን ሌሊት ሥራ ላይ እያለሁ መንቀጥቀጥ ያዘኝ፣ ከመተኮሻው የሚወጣው እንፋሎት ፊቴን እያቃጠለኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ቀጥ አለ። ጠዋት ስነግራት አክስቴ ብርድ ነው አለች፣ ብርድ ልብስ ደራረበችልኝ፣ ትኩስ ነገር አጠጣችኝ፣ እግሬን እያሸችኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ልጁ ተንቀሳቀሰ። ተመስገን አልኩ።

በሳምንቱ ለመሄድ ስነሳ «ቀጠሮው ተላልፏል፣ አዋላጇ ታማለች ብለው ደውለዋል» አለችኝ። በሌላኛው ሳምንትም ይተላለፋል አለችኝ። ደወሉ፣ አልደወሉ፣ ስልኩ የእሷ ነው። እኔም እንቅልፍ አገኘሁ ብዬ ተመስገን ብዬ ተኛሁ፤ አሁን ሳስበው ያ እንቅልፍ ከአንሶላው ጋር አብሮ ይጠቀለልና አንገቴን ያንቀኛል።

አንድ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ጠቃጠቆ ከመንገዱ ማዶ እየሮጠች መጣች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ መኪና ጥሩንባ እየነፋባት። ክንዴን ያዘችኝ። ታወራለች፣ ታወራለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አልገባኝም። ስልኳን አውጥታ ነገረችውና ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። ስልኩ በእኔ ቋንቋ ተናገረ። ድምፁ የብረት ድምፅ ነው፣ ደግሞ ወንድ አደረገኝ።

«አንተ ሁለተኛ መርፌ አልመጣህም። ሦስት መርፌ ነው። ለምን ትቀራለህ? ሕፃን አደጋ ውስጥ ነው።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ጠቃጠቆ ሦስት ጣቷን ዘረጋች፣ አንዱን አጠፈች፣ ሁለተኛውን አጠፈች፣ ቂጧን ነካች፣ ሁለቱን ጨርሳለች ማለት ነው፣ ከዚያ ጣቷን ደረቴ ላይ አድርጋ አንድ ብቻ አሳየችኝ። ከዚያ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደ ሞተ ሰው። ስልኩን ይዤ «ምን በሽታ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ እሱም ተርጉሞ ጠየቃት፣ መለሰች፣ ስልኩ ግን ሊተረጉመው አልቻለም፣ የማላውቀው የፈረንጅ ቃል ብቻ ደገመልኝ። አውቶቡሷ መጣ። በመስኮቱ ሆና ሦስት ጣቷን እንደዘረጋች ሄደች።

ያን ቀን አልተኛሁም። አክስቴ በኮሪደሩ ትመላለሳለች፣ የማስበው ስለ አንሶላ ነው። የሆቴል አንሶላ ነው የምናጥበው፣ ደም ያለበት አለ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ያለበት አለ፣ ጓንቴ ቀዳዳ ነው፣ ሁለት ጊዜ ቀይሩልኝ ብያለሁ። ከዚያ ይሆናል የያዘኝ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ልጄን በገዛ እጄ፣ ለዚህ ሥራ ብዬ። እማ ደወለች። በቪዲዮ ነው፣ ጉንጯ ብቻ ይታየኛል፣ ስልክ መያዝ አትችልበትም። «ሆድሽን አሳዪኝ እስቲ» አለችኝ፣ አሳየኋት፣ እልል አለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «አክስቱ ደውላልኝ ነበር» አለች ቀድማኝ፣ «ትንሽ ነጭናጫ ሆናለች፣ ነገር ትጠራጠራለች፣ እርግዝናው ነው አለችኝ። ልጄ፣ እናት ሆና ነው የተቀበለችሽ። የምትልሽን ስሚ፣ እሺ? ሰው አገር ነሽ።» ደውላላታለች። ከእኔ በፊት እማ ጆሮ ደርሳለች። አፌን ዘጋሁት። «እሺ እማዬ» አልኩ፣ «እሺ»፣ ስልኩ ሲዘጋ እሺ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ቀረ።

ትናንት ቡድኑ የሚሰበሰብበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ለብሼ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አክስቴ ወጣች።

«የት ነው?»

«ቡድን።»

«ተላልፏል አልኩሽ እኮ።»

«ከተላለፈ ባዶ ወንበር አይቼ እመለሳለሁ።»

ፊቷ ልውጥ አለ፣ ከዚያ ተመለሰላት። «ቆይ ሻርፔን ልልበስ» አለች። አብረን ሄድን። በአውቶቡስ ውስጥ ባጇን እየፈታች ታስረዋለች። አዋላጇ አልታመመችም ነበር። ስታየኝ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች፣ አክስቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ የሆነ ነገር ጠየቀች፣ አክስቴ ፈገግ ብላ መለሰችላት፣ ምን እንዳለች አላውቅም፣ ሥራ በዝቶባት ነው ብላ ይሆናል፣ ሰነፍ ናት ብላ ይሆናል። ከመጋረጃው ጀርባ ስንገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልክ በጣቴ አሳየሁ። ከዚያ እጄን የአክስቴ ትከሻ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ገፋኋት። በሕይወቴ ከእኔ የምትበልጥ ሴት ገፍቼ አላውቅም። ቀላል ነበረች፣ እንደ ደረቀ አንሶላ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «አበድሽ? በወንድ አፍ?» አዋላጇ ግን ገብቷታል፣ ቀድሞም ሳይገባት አልቀረም፣ መጋረጃውን ዘጋችባት።

የስልኩ ሰውዬ ድምፅ ሽማግሌ ነው። ከየት እንደሚያወራ አላውቅም፣ ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፣ በር ሲዘጋ ይሰማል። «እህቴ፣ የምትለውን ሁሉ እነግርሻለሁ፣ የምትዪውንም ሁሉ እነግራታለሁ፣ ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስም» አለ። አዋላጇ ተናገረች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቂጥኝ ነው የምትለው።»

አገር ቤት ይሄ ቃል ስድብ ነው። ሰካራም ሰካራሙን የሚሰድብበት ነው፣ እናቴ ብትሰማኝ ጥፊ ነው። ሰውዬው ግን እንደ ጉንፋን ነው ያለው። ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ ቃል በቃል፣ ድምፁ ሳይለወጥ፤ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ ሆድ ውስጥ እያለ ሊገድለው ይችላል፣ ቢወለድም ሊጎዳው ይችላል፣ ግን ይድናል፣ መርፌው ያድናል፣ ሦስት መርፌ በየሳምንቱ፣ ሳይቆራረጥ። «የመጀመሪያውን ከወሰድሽ በኋላ በጣም ስለዘገየሽ እንደገና ከአንድ ይጀመራል ነው የምትለው። ጊዜው ጠቧል፣ ግን አለ።» ስለ አንሶላው ጠየቅኩት። ተረጎመ። አዋላጇ አልሳቀችብኝም። «በአንሶላ አይተላለፍም፣ በግንኙነት ነው። ከባለቤትሽ ሌላ የምታውቂው ሰው አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ለመፍረድ አይደለም ትላለች።» የለም አልኩ። «የለም ትላለች» አለ። መጋረጃው ሥር የአክስቴ ነጠላ ጫማ... ነጠላ ጫማ አይደለም፣ የውጭ ጫማዋ ይታየኛል፣ ጫፉ ወደ እኛ ዞሯል። «እሱም መታከም አለበት፣ አንቺ እስክትጨርሺና እስክንነግርሽ ድረስ ግንኙነት አይኖርም። ትኩሳት ከመጣብሽ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ፣ ወዲያው ነይ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ያኔም ነግሬሻለሁ ትላለች።» ይሄም ለካ ያኔ ተነግሮኝ ነበር። ሁሉም ተነግሮኝ ነበር፣ ሁሉም እዚያች ሴት ጆሮ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀርቷል።

መርፌውን ተወግቼ ስንመለስ አክስቴ በአውቶቡሱ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቤት ስንደርስ ስልኳን ይዛ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ የእሱ ቦት ጫማ በር ላይ ነው።

አሁን ድምፃቸው ቆሟል። በጣም ፀጥ ብሏል። ፀጥታውን ሳዳምጥ ነው የገባኝ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ልጁን አልሰማሁትም። መተኮሻው ጋ እያለሁ አንዴ ተገላበጠ፣ ከዚያ ወዲህ የለም። ሆዴን በእጄ ገፋ አደረግኩት። ወትሮ መልሶ ይገፋኛል። በቀኝ ዞርኩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከብርጭቆው ጠጣሁ፣ ጠበቅኩ። ግንባሬ ያቃጥላል፣ ያሉኝ ትኩሳት ይሆናል። ተነሳሁ። ቀሚሴን ስጎትት ሰምተውኝ ነው መሰለኝ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ስቆም ሁለቱም ቀና አሉ። ከስቷል። መንገድ ያከሳዋል። ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ምነው፣ አልተኛሽም?»

«ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ክሊኒክ ልሄድ ነው።»

«ይተኛል እኮ እሱም» አለች አክስቱ፣ «ተቀመጪ፣ ጣፋጭ ነገር ልስጥሽ፣ ስትበዪ ይነሳል።»

«ስበላ አይነሳም። ልጄ ታሟል፣ እርስዎ ያውቃሉ። ያኔም ያውቁ ነበር።»

«እኔ ጠላትሽ ነኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ፣ እንባዋ የእውነት ነው፣ ማስመሰል አይደለም፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ። «ትዳርሽ እንዳይፈርስ ብዬ ነው! ስሙ በየቢሮው እንዳይነሳ ብዬ! አንዷ መርፌ ትበቃለች ብዬ ነው፣ እሱ እንኳ የመጀመሪያዋን በተወጋ በሳምንቱ ደህና ነኝ ሲል አልነበረም...»

ቆመች። አፏን በእጇ ያዘችው፣ ግን ወጥቷል። እኔ እሱን አየሁት፣ እሱ እሷን።

«እሱ?» አልኩ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

«መቼ ነው የተወጋኸው?»

«ተይው አሁን፣ ልጁን...»

«መቼ?»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «መንገድ ላይ፣ አንድ ክሊኒክ። አንቺ ያኔ ገና ማስመለስ ላይ ነበርሽ። ከአንቺ በፊት የነበረ ነገር ነው፣ ድሮ፣ ሳላውቀው ቆይቶ... እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው። አክስቴም ስትመረመር ይሰጧታል፣ ሳታውቀው ትድናለች አለች።» ከዚያ ፊቱ ትንሽ በራ፣ እንደሚያጽናናኝ ሰው። «አሁን ግን እኔ ነፃ ነኝ። ሦስቱንም ጨርሻለሁ።»

ሦስቱንም። አንዷንም ሳያጎድል፣ በየሳምንቱ፣ ከመኪናው እየወረደ፣ ሱሪውን ዝቅ እያደረገ፣ አንካሳ ሆኖ ወደ መሪው እየተመለሰ፣ ሦስቱንም። እኔ አንሶላ ስረግም፣ ጓንቴን ስረግም፣ ራሴን ስረግም። ቦርሳዬን አነሳሁ።

እሱ ተነስቶ በሩ መቃን ላይ እጁን አደረገ። «እኔ አደርስሻለሁ፣ መኪናው ታች ነው።» በደህና ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን የዚያ መኪና ከፍ ያለ በር ታየኝ፣ ከውስጥ የማላውቀው መቆለፊያ፣ የማላውቀው መንገድ። «በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አልኩት። አክስቱ ከኋላ ሆና፣ አሁን በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ እግሬን ስታሸኝ በነበረው ድምፅ፣ «ወረቀትሽ በማን ስም እንደመጣ ግን አስቢ የኔ ልጅ» አለች። እጁን አየሁት። «ልጅህ እየሞተ ቢሆንስ?» አልኩት። እጁ ወረደ። በእጁ ሥር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ፣ ሆዴ በጭንቅ ነው ያለፈው። ደረጃውን ስወርድ የበሩ ድምፅ አልተሰማኝም፣ አልዘጉትም ማለት ነው፣ ቆመው እያዩኝ ነው።

አውቶቡሱ ሞልቷል። አንዲት ተማሪ ተነሳችልኝ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አወራዋለሁ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፤ በል እንጂ፣ አንዴ ብቻ፣ በክርንህም ቢሆን፣ ከፈለግህ አታክብረኝ፣ ብቻ ምታኝ። መስኮቱ ላይ ፊቴን አያለሁ፣ ከጀርባዬ ያለው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና አለ፣ የእሱ አይደለም፣ የእሱም ነጭ ነው፣ አይደለም፣ መንገድ ሁሉ ነጭ መኪና ነው።

አሁን የክሊኒኩ አልጋ ላይ ነኝ። አዋላጇ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰች፣ ስልኩን አጠገቤ አስቀመጠች፣ ያው ሰውዬ ነው፣ ዛሬ ከጀርባው ሕፃን አያለቅስም። ማዳመጫውን ከእምብርቴ በታች አደረገችው። ሹሹሹ ይላል፣ ነፋስ ብቻ። ወደ ግራ ወሰደችው። ነፋስ። ፊቷን እያየሁ ነው፣ ፊቷ ግን ልክ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ነው፣ አንድ መጨማደድ የለበትም። ወደ ቀኝ። ነፋስ። ከዚያ በጥልቁ፣ በጣም ፈጣን፣ የሆነ ነገር ይጋልባል።

የስልኩ ሰውዬ ሰማው መሰለኝ፣ ማንም ሳያናግረው «ተመስገን» አለ። ከዚያ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከራሱ መናገር አይፈቀድለትም ለካ።

አዋላጇ ግን ፈገግ አላለችም። ሰዓቷን እያየች ታዳምጣለች። ትናገራለች። «ምቱ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል ነው የምትለው። ትኩሳትሽም ከፍ ብሏል። ከመርፌው ሊሆን ይችላል፣ ከበሽታው ሊሆን ይችላል፣ እስክታውቅ ድረስ ከዚህ አትወጪም። ማሽኑን ታስርልሻለች፣ ሲመታ ትሰሚዋለሽ።» ቀበቶውን ሆዴ ላይ አሰረችው። ክፍሉ በእሱ ድምፅ ሞላ። የደከመ አይመስልም፣ የሆነ ቦታ ለመድረስ የቸኮለ ነው የሚመስለው። መጥፎ ነው ይላሉ ፍጥነቱ፤ እኔ ግን በዚህ አገር የሰማሁት እውነተኛ ድምፅ እሱ ብቻ ነው፣ እንዳይቆም በትንፋሼ እከተለዋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። መግቢያው ላይ የምትቀመጠው ልጅ አንገቷን አስገብታ ለአዋላጇ አንድ ነገር ነገረቻት። በትንሿ የበር መስታወት ሻርፕ ይታየኛል፣ ከሻርፑ በላይ የእሱ ትከሻ። ነጭ መኪናው የእሱ ነበር።

«እህቴ» አለ የስልኩ ሰውዬ፣ «ውጭ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ባሏ ነኝ ይላል። ሴትዮዋ ደግሞ ባጅ አላት፣ አስተርጓሚዋ ነኝ፣ እኔ ካልገባሁ አትግባቡም እያለች ነው። አዋላጇ ፈቃድሽን ትጠይቃለች። ምን ልበላት?»

ወረቀቴን አሰብኩ። እማን አሰብኩ፣ ዛሬ ማታ ስልኳ እንደሚጮህ፣ ማን ቀድሞ እንደሚደውል። ነገ የት እንደምተኛ አሰብኩ፣ ምንም አልታየኝም።

«የባሌ አክስት ናት፣ አስተርጓሚዬ አይደለችም በላት። አንቺ ያልሽኝን ሁሉ አልነገረችኝም በላት። እሱ ባሌ ነው፣ ግን አይግባ። ሦስቱን መርፌ ጨርሶ እኔን የተወኝ ሰው ነው በላት። እንዳለ ንገራት፣ እንዳትቀንስ።»

«አልቀንስም» አለ፣ ነገራትም። ረጅም ነበር። ስትሰማ የአዋላጇ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ። ተነስታ ሄዳ በሩን በፊታቸው ዘጋችው፣ ቁልፉንም አዞረችው፣ ተመልሳ መጥታ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ማሽኑ ይጋልባል። በመስታወቱ በኩል አያቸዋለሁ።

አልሄዱም።